በዙሪያው ይሂዱ

ቂም ኃጢአት ነው ብላችሁ የምታምኑ ሰዎች ንባባችሁን እዚህ ላይ ብታቆሙ አልቀየማችሁም። እኔ ቂመኛ ነኝ። የሰፈሬ ሰው «ዘነበች የቋጠረችውን አትፈታም» እያለ ያማኛል፤ ሐሜት አይደለም፣ እውነቱን ነው። ነፍስ አባቴም ያውቃሉ። ስንት ጊዜ «ልጄ፣ ተይው» ብለውኛል። የምነግራችሁ ግን ቂሜን እንዴት እንደተውኩት አይደለም። እንዴት ሥራ እንዳሠራሁት ነው።

ጊዜው ቀበሌ ገና ወረዳ ሳይባል ነው። ከዚያ ከምርጫው ግርግር በኋላ፣ ሦስት ሰው መንገድ ዳር ሰብሰብ ብሎ ሲቆም አንዱ ታጣቂ መጥቶ «ምንድን ነው ነገሩ?» በሚልበት ዘመን። አቃቂ ከወንዙ በላይ፣ ከባቡር ሐዲዱ በታች የተሰገሰገ ሰፈር አለን። አባቴ የፋብሪካ ወዛደር ሆኖ ጎጆውን የቀለሰው እዚያ ነው። እኔም እሱ ጡረታ በወጣበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጥሬ፣ በፈረቃ እየገባሁ፣ ከጸጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ እያራገፍኩ ታናሽ እህቴን ትዕግሥትን አሳደግሁ። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲያልፉ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር።

ትዕግሥት በስሟ ካልሆነ በቀር ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስትበላ ትቸኩላለች፣ ስትስቅ ትቸኩላለች፣ ሹሩባ ስትሠራ ጣቶቿ አይታዩም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሷ ጋ ተሠርቶ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነበር የሚወጣው። አንድ ጠላት ብቻ ነበራት፣ አስም።

ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ የሚያወጣ የእግር መንገድ ነበረን። ጤና ጣቢያውም፣ ፋርማሲውም፣ ታክሲውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከዚያ ማዶ ነው። ሁለት ሰው አንድ ጨዋታ ጀምሮ ሳይጨርስ ያደርሳል። በኋላ አንድ ባለሀብት መንገዱ የሚያልፍበትን ሜዳ ተመርቶ መጋዘን ሠራበት። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠረው፤ በእኛ በኩል ባለው ጫፍ ደግሞ የብረት በር ገጠመበት። ጮኽን። ሽማግሌ ላክን። ቀበሌው «ልማት ነው፣ ታገሡ፤ አስቸኳይ ነገር ሲገጥም በሊቀመንበሩ ፈቃድ ይከፈታል» አለን። እኛም የዋሆቹ አጨብጭበን ወጣን። ከዚያ ወዲህ አስፋልት ለመድረስ በወንዙ ዳር ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ አቀበቱን ወጥተን መዞር ነው። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል።

ሊቀመንበሩ ደጀኔ ይባላል። ባዕድ አይደለም። አፈር ፈጭተን፣ ውሃ ተራጭተን አብረን ያደግን ሰው ነው፤ የአንድ እድር አባላትም ነን። እናቱ እማማ አስካለ የሰፈሩ አልቃሽ ናቸው። እሳቸው ግጥም ያልደረደሩለት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር። ልጃቸው ግን የድርጅት አባል ከሆነና ሞባይል ከያዘ በኋላ አንገቱን አዙሮ ሰላም ማለት እንኳ ከበደው።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ አባርቶ ደመናው ግን አልተገፈፈም። የቀን ፈረቃዬን ጨርሼ ቤት ስገባ ትዕግሥት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

«መድኃኒትሽስ?» አልኳት።

በአፏ የምትስበውን ነገር ወዘወዘችልኝ። ባዶ ነው። ልትስቅ ሞከረች፤ እሷ መቼም መሳቅ አይቀርላትም።

«ዘኔ» አለችኝ፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ ለማገናኘት እየታገለች፣ «ዛሬ… ጠንከር… ብሏል።»

አዘልኳት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግን እንደ ሕፃን ቀላል ነበረች። ነጠላዬን በወገቧ አዙሬ ደረቴ ላይ ቋጠርኩና ሮጥኩ። የትኛው እግሬ እንደቀደመ አላውቅም። የብረቱ በር ጋ ደርሼ በመዳፌም በክርኔም ደበደብኩት።

ጥበቃው ጋሽ ቶላ ነው። ከፋብሪካዎቹ በፊት እዚህ ሲያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች የተወለደ ሰው ነው። መጋዘኑ የቆመበት ሜዳ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን የአባቱን ማሳ ለሌላ ሰው ይጠብቃል። በበሩ ስንጥቅ ዓይኑ ታየኝ።

«ጋሽ ቶላ፣ ክፈቱልኝ! እህቴ ሞተችብኝ!»

«ያ ዋቅ! የአምላክ ያለህ! ምን ሆነች?»

«ትንፋሽ አጥሯት ነው! ክፈቱ!»

ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«ዘነበች፣ ባለፈው ለነፍሰ ጡሯ ብከፍት ሊያባርሩኝ ነበር። ደጀኔ ይክፈት ካላለ ልጆቼን ምን አበላለሁ? ቆይ፣ አንዴ ልደውል። አሁን ነው፣ አሁን።»

ደወለ። ትዕግሥት ጀርባዬ ላይ ሲር ሲር ትላለች፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጎተት ውሃ ነው። ጋሽ ቶላ «አቶ ደጀኔ፣ በሽተኛ መጥታለች፣ የዘነበች እህት ናት፣ ትንሿ፣ በጣም ታማለች፣ ልክፈት?» አለ። ከዚያ እኔ እንድለምነው ብሎ ይሆናል፣ ስልኩን በስንጥቁ በኩል ወደ ጆሮዬ አስጠጋልኝ። ከወዲያ የስብሰባ ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ያጨበጭባል። በጭብጨባው መካከል የደጀኔ ድምፅ ረጋ ብሎ፣ ሳይቆጣ መጣ።

«ዛሬ ለአንድ ሰው ከከፈትን ነገ ለሁሉም ነው። በዙሪያው ይሂዱ።»

«ደጀኔ! እኔ ነኝ! ዘነበች ነኝ!» ስል ስልኩ ተዘግቷል።

ጋሽ ቶላ አለቀሰ። በስንጥቁ ውስጥ ያ ዓይን ሲያለቅስ አየሁት። በእሱ ቂም የለኝም። በዚያች ሰዓት ግን ቆሜ ሰው የማጽናናበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ወደ ወንዙ ዞርኩ። ጭቃው ቁልቁለቱ ላይ አንሸራተተኝ፣ በጉልበቴ ተደፋሁ፣ እሷን ግን አልጣልኳትም። «አይዞሽ፣ ድልድዩ ታየ፣ አይዞሽ» እላታለሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ከበደችኝ። የታዘለ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው እንዴት እንደሚከብድ እናቶች ታውቃላችሁ። እንደዚያ ነው የከበደችኝ። ቢሆንም አላመንኩም፤ አቀበቱን ይዣት ወጣሁ። ጤና ጣቢያ የነበረችው ነርስ ነጠላውን ፈትታ ካወረደችልኝ በኋላ ለእኔ ወንበር አመጣችልኝ። ወንበሩን ሳይ ገባኝ።

ሌሊቱን ልተወው። ሲነጋ ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ጡሩንባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ጨርሷል። እኔ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር በራሴ ውስጥ የሚዞረው። ምድጃው ሥር ላምባ አለ። የደጀኔ ቤት ደጃፍ ደረቅ እንጨት የተከመረበት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ሁሉ ለቀብር ሲወጣ እኔ ወደኋላ ልቀር ነበር ያሰብኩት። እህቴን ሳልቀብር እሱን ላነደው።

ከዚያ ሐሳብ ያወጣኝ የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንን ነው። የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቁጣውም እርጋታውም በልክ የሆነ ሽማግሌ ነው። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው። ለአስከሬኑ መኪና ተነጋግረናል። በዙሪያው ስለምንሄድ ቀደም ብለን እንነሳለን» አለኝ።

በዙሪያው። ይህችን ቃል ስሰማ ላምባው ከራሴ ወጣ። ሌላ ነገር ገባ።

«ጋሽ መኮንን፣ መኪና አልፈልግም። እህቴ በትከሻ ትሂድልኝ። በድሮው መንገድ።»

«በሩ እኮ ዝግ ነው፣ ዘነበች።»

«አውቃለሁ።»

 ግራ ቀኙን አይቶ፣ «እድር ፖለቲካ ውስጥ አይገባም። መተዳደሪያ ደንባችን ነው። ሰሞኑን ደግሞ ሕገ ወጥ ሰልፍ ካሉን አለቀልን» አለኝ።

«ለሰልፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አይደል?»

«ያስፈልጋል።»

«ለቀብርስ?»

ጋሽ መኮንን አየኝ። ጺሙን ዳሰሰ። «ለቀብር ፈቃድ የጠየቀ መንግሥት እስከዛሬ አላየሁም» አለና ብድግ ብሎ ሄደ። እሺም እምቢም አላለኝም።

ረፋዱ ላይ ደጀኔ መጣ። አይገርምም፤ በእኛ አገር ለቅሶ መቅረት ከመግደል ይብሳል። ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ነጠላ ደርቦበታል። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ወሬውን ጠጥቶ አድሯልና ሁሉም ዞሮ አየው። እናቱ እማማ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ነበሩ፣ አንገታቸውን ደፉ። ሁለት ጎረቤቶቼ ክንዴን ከግራና ከቀኝ ያዙኝ፤ ፊቱን እቧጭራለሁ ብለው ነው።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ዘነበች» አለኝ። «እንዲህ መሆኑን ባውቅ…»

«ደጀኔ፣» አልኩት፣ ድምፄ እኔኑ እስኪገርመኝ ለስልሶ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብለምንህ ታደርግልኛለህ?»

«ምን ገዶኝ! የፈለግሽውን!»

«ሳጥኗን አንተ ተሸከምልኝ። ከፊት። ልጅ ሆና በትከሻህ ተሸክመሃታል፤ ዛሬም ከፊት ሆነህ አንተ ሸኛት።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ድንኳኑ ውስጥ አንዳንድ ሴቶች ከንፈር መጠጡ። ይቅር ያልኩት መስሎት ነበር። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ የሬሳ ሳጥን ተሸከምልኝ ካለ ደም እንኳ ደረቀ ማለት ነው፤ ማን ይህን ጠርጥሮ ይመረምራል? እሱም ሊቀመንበርነቱን ረስቶ እንደ ሰፈር ልጅ አመነኝ። ኮቱን አውልቆ ለአንዱ ሰጠ። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ለልቅሶ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳጥኑ ወጣ። አራት ሰው ተሸከመ፤ ደጀኔ ከፊት፣ በቀኝ። ካህናቱ ቀደሙ፣ ጃንጥላው ተዘረጋ፣ ሰፈሩ ተከተለ። የአስከሬን አሸካከም ታውቃላችሁ። ተሸካሚው ድካም ሲሰማው ከኋላው ያለው ትከሻውን ያስጠጋና «ልቀበልህ» ይላል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ሳጥኑ ሳይቆም ይሄዳል። የደከመን ሰው ሳይቀበሉ ማለፍ የሚባል ነገር አይታወቅም። ቁርሾ ያለባቸው ሰዎች እንኳ በዚያች ሰዓት ይቀባበላሉ።

መንታ መንገዱ ጋ ደረስን። በግራ ወደ ወንዙ ነው፣ በቀኝ ወደ መጋዘኑ በር።  ጋሽ መኮንን በትሩን ከፍ አደረገ። ወደ ቀኝ ጠቆመ።

ደጀኔ ሳጥን ትከሻው ላይ ስለሆነ አንገቱን እንደ ልቡ ማዞር አልቻለም። «ወዴት ነው? ጋሽ መኮንን፣ በዚህ እኮ አያስወጣም» ሲል ሰማሁት።  ከኋላ ያለው ሰው ይገፋል፣ ሳጥኑ ይሄዳል፣ ሳጥኑ ከሄደ እሱም ይሄዳል። በሩ ድረስ ሄድን። በሩ ፊት ቆምን።

ያኔ ሌሎቹ ሦስት ተሸካሚዎች ተለወጡ። «ልቀበልህ»፣ «ልቀበልህ»፣ «ልቀበልህ»፤ ሦስት ትኩስ ትከሻ ገባ። ወደ ደጀኔ ጥግ ማንም አልቀረበም። ማንንም አላስጠናሁም፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ሰፈሩ በሩን አየ፣ ደጀኔን አየ፣ ገባው።

ትንሽ ቆየ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ተቀበሉኝ እንጂ» አለ።

ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ከአስፋልቱ በኩል የከባድ መኪና ጡሩንባ ይሰማል። ሴት ወደ ሳጥኑ ፊት አትሄድም፤ እኔ ሄድኩ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ዘነበች» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ይህ ነገር ሕገ ወጥ ነው። ሰው አታስጨርሺ።»

«ምኑ ነው ሕገ ወጥ? ቀብሩ?»

«ቁልፉ እኮ እኔ ጋ አይደለም። የባለቤቱ በር ነው።»

ከበሩ ውስጥ የጋሽ ቶላ ድምፅ መጣ። «ቁልፉስ እኔ ጋ ነው፣ አቶ ደጀኔ። አንተ ጋ ያለው ትዕዛዙ ነው።»

እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። እህቴ ሳጥን ውስጥ ሆና ደስ አለኝ። ጠጋ አልኩት።

«በል፣ እንደ ትናንቱ በላቸው። በዙሪያው ይሂዱ በላቸው። ድምፅህ አምሮ ነበር።»

 ያኔ ነው ከሴቶቹ መካከል ያ የምናውቀው ድምፅ የተነሳው። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ወደ እኔ አላዩም። ወደ ልጃቸው አላዩም። በሩን እያዩ አወረዱት፦

«ትናንት በጀርባ መጥታ የመለሷት፣
ዛሬ በሳጥን መጣች ክፈቱላት።»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ሳጥኑ ከወጣ ጀምሮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ጮክ ብሎ አልቅሶ አልነበረም። እማማ አስካለ ደገሙት፤ ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ልጅን በግጥም መክሰስ ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም፣ አልወለድኩም። የእሳቸውን ፊት ግን አይቼዋለሁ።

«ክፈት» አለ ደጀኔ።

«አልሰማሁም» አለ ጋሽ ቶላ፣ እየሰማ።

«ክፈት! ክፈት አልኩህ!»

የብረቱ በር ተንቋቋ። ገባን። የመጋዘኑ ሠራተኞች ጆንያቸውን ጥለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ደጀኔ አሁንም የሚቀበለው አላገኘም። «እስከ አስፋልቱ» አልኩት ጎን ለጎን እየሄድኩ፣ «እስከ አስፋልቱ ትሸከማታለህ።» ግቢው መሀል ላይ ጉልበቱ ታጠፈ። ሳጥኑ ዘመም አለ። ሕዝቡ «ወይኔ!» ሲል አንድ ትከሻ ከሥሩ ገባ። ጋሽ መኮንን ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ በትሩን ጥሎ ገባና «ልቀበልህ» አለው።

ተናደድኩ። «ምነው ጋሽ መኮንን! ማን ይግቡ አለዎት!»

ሽማግሌው ከሳጥኑ ሥር ሆኖ፣ እያለከለከ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ መለሰልኝ። «ይህ በር ነገ ጠዋት ይዘጋል፣ ልጄ። ቂምሽን በሱ ላይ አትጨርሺው። ለበሩ አስተርፊለት።»

ትዕግሥትን ቀበርናት።

በማግስቱ በሩ ተዘጋ። አዲስ ቁልፍ ተገጠመለት፤ ጋሽ ቶላ ተባረረ፤ እኔ የማላውቀው ኮስታራ ጎረምሳ በቦታው ቆመ። ሽማግሌው ያለው ደረሰ። ሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ በሰው ሲሞላ ተነሳሁ። ሐዘንተኛ ተነስቶ ንግግር አያደርግም። እኔ አደረግሁ።

«እህቴ ስትሞት ሰፈሩ በሙሉ ተሸከማት» አልኳቸው። «በሕይወት እያለች ግን ያዘልኳት እኔ ብቻዬን ነበርኩ። እድራችን ለሞተ ሰው አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ለሚሞተውስ ማን ነው ጡሩንባ የሚነፋው?»

አንዱ «እድር ለቀብር ነው» ብሎ ጀመረ። ጋሽ መኮንን በትሩን መሬት ላይ መታ። «ቀብሩ እንዳይበዛ ብንሠራስ ደንቡ ይከለክላል?»

ያደረግነው ነገር ቀላል ነው፣ ሁላችሁም በየሰፈራችሁ የምታውቁት ነው። ለድንኳን ተከላ ተረኛ አለ አይደል? ለቀብር የቀረ ይቀጣል አይደል? ያንኑ ወደ ቀበሌው አዞርነው። በየረቡዑ፣ በአቤቱታው ቀን፣ የእድሩ ተረኞች ጥቁር ለብሰው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አይጮኹም፣ መፈክር የለም። «ምን ፈለጋችሁ?» ሲባሉ «መንገዳችንን» ይላሉ። የቀረ ይቀጣል። የሚፈራ ሰው እንኳ ከመንግሥት ይልቅ እድሩን ይፈራልና መጣ። ጥቁር የለበሰ ሰው ደግሞ ማን ደፍሮ ያስወጣል?

አንድ ቀን ከላይ የመጣ ካድሬ ለብቻዬ ክፍል አስገባኝ። ሲጋራውን ለኩሶ፣ «እውነቱን ንገሪን። ከጀርባሽ ማን ነው ያለው?» አለኝ።

«እህቴ ነበረች» አልኩት። «እዚያው ጀርባዬ ላይ ሞተች። በረቡዕ ረቡዕ የምመጣው እሷን ላወርድ ነው።»

ሲጋራው እስኪያልቅ ከፊቱ አልተነሳሁም።  ፈርቼ ነበር፤ ቂሜ ግን ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ክረምቱ ወጣ። መስቀል አለፈ። አንድ ረቡዕ ከክፍለ ከተማ ሰዎች መጡና ሜትር ዘርግተው ለኩ። መጋዘኑ አጥሩን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገ፤ በዳር በኩል ሁለት ሰው ቃሬዛ ይዞ ሊያልፍበት የሚችል፣ በር የሌለው መንገድ ወጣልን። በር የሌለው ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ «በር ያለው ከሆነ ረቡዕ እንገናኝ» ብያቸው ስለነበር ነው። ጋሽ ቶላን እድሩ ጡሩንባ ነፊ አድርጎ ቀጠረው። እድሩ ለበሽተኛ ማድረሻ ቃሬዛ ገዛ፤ ከኮሚቴው ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሆንኩና ቃሬዛው እኔ ቤት ተቀመጠ።

ደጀኔ በዚህ ጉዳይ አልተነካም። ከዓመታት በኋላ በሌላ ግምገማ ከሊቀመንበርነቱ ተነሳ፣ ሞባይሉ መጮኹን አቆመ፣ እንደ ማንኛችንም ጭቃ ረግጦ መሄድ ጀመረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ዝቅ ይላል፣ እኔ ቀና እላለሁ። በልቤ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀምጬለት ነበር። አንድ ቀን ጭንቅ ይዞት ደጄ ይመጣል፤ ያኔ ረጋ ብዬ፣ ሳልቆጣ፣ «በዙሪያው ሂድ» እለዋለሁ። እየተኛሁ ተለማምጃታለሁ።

መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ ነበር። አጥሩ ጋ ቆሞ መግባት ፈራ።

«ዘነበች… እናቴ። መተንፈስ አቅቷታል። ቃሬዛውን…»

ዓረፍተ ነገሯ ምላሴ ላይ መጣች። እምላችኋለሁ፣ ጣዕሟን ቀምሼዋለሁ። ፊቱን አየሁት፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ በበሩ ስንጥቅ ያሳየሁት የእኔ ፊት ነው። ገብቼ ቃሬዛውን አወጣሁ። የፊቱን እጀታ ሰጠሁት።

«ያዝ» አልኩት። «አንተ ከፊት።»

እኔ ከኋላ ያዝኩ። እማማ አስካለን አስተኝተን በመንገዱ ገባን። በሩ የነበረበት ቦታ ስንደርስ እግሩ ዘገየ። «አትቁም!» ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ በየደጃፉ ያለው ሰው ሮጦ መጣ፤ «ልቀበልህ»፣ «ልቀበልሽ»። እሱንም ተቀበሉት። ጤና ጣቢያው እማማ አስካለን ተቀብሎ አፋቸው ላይ አየር ገጠመላቸው። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ገብተው እኔን አስጠሩኝና እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙ። 

ይህን የምታነቡ ሰዎች አሁን «በመጨረሻ ይቅር አለችው» እንደምትሉ አውቃለሁ። አላልኩትም። ደግነት ብቻዋን ለቅሶ ትደርሳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ከንፈር ትመጣለች፤ በር አትከፍትም። በየሰፈራችሁ የተዘጋ በር ካለ፣ አልቅሳችሁ አትበተኑ። ሄዳችሁ ተቀመጡበት። ቂም ካላችሁም አታባክኑት፣ ለበሩ አስተርፉለት።

ስለ ደጀኔ ከጠየቃችሁኝ፣ እናቱ ዛሬም ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲወጣም ሲገባም ያያቸዋል። ይተነፍሳሉ፣ ይናገራሉ፣ ይቆጡታል። ዕድሜ ይስጣቸው እላለሁ፣ ከልቤ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሰው እንደሚተርፍ ከእሳቸው ሌላ ማን በየቀኑ ይንገረው?